ሂሩት ያልተረጎመችው ሦስተኛ ደረጃ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ላንሲ

ዛሬ ሐኪም ቤት በልጄ በሂሩት አፈርኩ። ሐኪሟ የባለቤቴ የአልማዝ የጡት ካንሰር ሦስተኛ ደረጃ ላይ መድረሱን ነገረችን። ወደ ብብቷ ንፍፊት ተዛምቷል፤ መጀመሪያ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት፣ ቀጥሎ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ጨረር ያስፈልጋል አለች። ከመዝገበ ቃላት ለቃቅሜ በተማርኩት ፈረንሳይኛ ሁሉንም ተረዳሁ። ሂሩት ግን ለእናቷ፣ «ትንሽ እብጠት ናት እማዬ፣ መድኃኒቱም ለጥንቃቄ ነው» ብላ ተረጎመችላት።

አልማዝም፣ «እንግዲያው መድኃኒቱ ይቅርብኝ፣ ቆርጠው ያውጡልኝ» አለች።

ደሜ ፈላ። ኮሪደር ላይ ሂሩትን ተቆጣኋት።

«መርዶ እንዲህ ፊት ለፊት ይነገራል እንዴ፣ አባዬ?» አለችኝ።

ሰው ሳይሞት የምን መርዶ ነው!

እሷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ፣ ትራም ውስጥ ሁሉንም ለአልማዝ ነገርኳት። ሦስተኛ ማለት የመጨረሻው አራተኛ አይደለም፣ የመዳን ተስፋ አለው አልኳት።

«እሺ፣ መድኃኒቱን እወስዳለሁ። ግን አንተ ሰው፣ ማወቄን ለሂሩት እንዳትነግራት። ልጄ ትሰበርብኛለች» አለችኝ።

ማክሰኞ ኬሞው ይጀመራል። ሂሩት እንደ ልማዷ ልትተረጉም ትመጣለች፤ አልማዝም የምታምናት መስላ ትሰማታለች። እኔም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ውሸታም ስገሥጽ የኖርኩት ሰውዬ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁና መሃላቸው አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ።