ከወንዝ ማዶ ያለው ዳዊት

ሰኞ፣ ኅዳር 3
እሱ አገኘው! የኔታ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳነበቡት የጠፋባቸውን የትርጓሜ ቃል፣ እኔ ስንት ደብር ዞሬ ያጣሁትን! ጥበቡ፣ ያ በቅርቡ ከመርጡለ ማርያም የመጣው ተማሪ፣ “ወንዝ ማዶ ባለችው ማርያም፣ በዳዊቱ ኅዳግ ተጽፎ አየሁ” ብሎ አነበነበላቸው። “ተባረክ ልጄ” አሉት። እኔን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወንበራቸውን ለአንዳችን ሊያወርሱ ነው። ቀናሁ። ምን እዋሻለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
ጀማሪዎቹን ሳስጠና ዋልኩ። ከመጽሐፍ ያየ የት እንዳየ ይናገር። ከሰው የሰማ ከማን እንደሰማ። ያላየ “አላየሁም” ይበል። ሳያይ “አየሁ” ያለ ከጉባኤያችን ይባረራል። ይህን ስል ዓይኔ ጥበቡ ላይ ነበር። መንገዱን ጣሊያን ይዞት እንዴት ቶሎ ደርሶ መጣ? ፈጥሮት ነው! ለየኔታ ነገርኳቸው።
“እንግዲያው ሂድና እይ” አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
በገደሉ ዞሬ ተሻገርኩ። ቄሰ ገበዙ ዳዊቱን ከዕቃ ቤት አወጡልኝ። ኅዳጉን ባዶ እንዳገኘው ማርያምን ለመንኳት፤ በገዛ ቤቷ!
ጽሑፉ አለ። አንድ ፊደል አልጎደለም። ቄሰ ገበዙ ደግሞ “ያ ፊተኛው ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ ነው!” አሉኝ። ማን ጠየቃቸው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
በመመለሻዬ ቁይ ከተማ አክስቴ ዘንድ አድሬ ስነሳ ወሬው ደረሰ። የጣሊያን ወታደሮች ማርያምን አቃጥለዋታል። ቄሰ ገበዙ መጻሕፍቱን ሊያወጡ ገብተው አልወጡም። ትናንት ያነጋገሩኝ ሰው! አለቀስኩ። እያለቀስኩ ያሰብኩትንም ልጻፈው፦ አሁን “የለም” ብል ማንም ሄዶ አያይብኝም። ጥበቡ ይባረራል። ወንበሩ የእኔ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 7
የኔታ በጉባኤው ፊት “አየኸው?” አሉኝ።
“ደብሩ ተቃጥሏል፣ የኔታ።”
“ሰምቻለሁ። አየኸው ወይ?”
ጥበቡ መሬት መሬቱን ያያል። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።
“አይቻለሁ” አልኩ። “ቄሰ ገበዙ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው አሳይተውኛል። ልክ እሱ እንዳለው ነው።”
የኔታ ጥበቡን ከቀኛቸው አስቀመጡት፤ ወንበሩ ሄደ ማለት ነው። እኔን፣ “እጅህ ጥሩ ነው፣ ቃሉን አንተ ጻፈው፤ መጽሐፉ ከተቃጠለ ወዲህ ቃል በቃል የሚያውቀው ከሁለታችሁ በቀር የለም” አሉኝ።
ጻፍኩት። በደንባችን ማን እንዳገኘው በግርጌው ይጻፋል። ብዕሩን ቀለም ነክሬ ያዝኩ፣ ቀለሙ ደረቀ፣ እንደገና ነከርኩ። “ጥበቡ” ብዬ ጻፍኩ። አሳምሬ ነው የጻፍኩት።
አሁንም እቀናለሁ።