ሽምግልና በሴይቼንቶ ደጃፍ

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ኦክላንድ ዛሬም ጠዋት ጭጋግ ናት። የግፊት ኪኒኔን ዋጥኩ... ወይስ አልዋጥኩም? ሁለቴ ከመዋጥ አንዴ መርሳት ይሻላል ብዬ ተውኩት። እስከ ፍሩትቬል ሰፈር በእግሬ ሄጄ ዳቦ ገዛሁ። ሻጯ በስፓኒሽ ሰላም አለችኝ፣ በአማርኛ መለስኩላት። ተግባብተን አናውቅም፣ ተጣልተንም አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሚክያስ መጣ፤ የልጄ የሸዋረጋ ልጅ። ሌላ ቀን ሲገባ ቀጥታ ወደ ፍሪጁ ነበር፤ ዛሬ ቁጭ አለ።

"አባባ፣ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ።"

ልጅቷ ወንጌላዊት ትባላለች፣ ሳን ሆዜ ነርስ ናት።

"የማን ልጅ?"

"የአቶ ተክለጻድቅ።"

የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እነግረዋለሁ? ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ የፋሲካ ማግስት፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ። ተክለጻድቅ አንዲት አሮጌ ሴይቼንቶ፣ ያቺን ሚጢጢ የጣሊያን መኪና ገዝቶ፣ ለድሮ መኪኖች እሽቅድምድም እያደሳት፣ ፎቶዋን በስልኩ ለሰው ሁሉ ያሳያል። እኔ ጋ ሲደርስ፣ "ደህና ናት፤ ዶሮዎቹ መቼ ይገባሉ?" አልኩት።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እሱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታዬን አይመልስም።

በእኔ አፍ የተነሳ የልጁ ትዳር ይቅር?

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ሸዋረጋ ሰማች። "አባዬ፣ ይሄ አፍህ አንድ ቀን ጉድ እንደሚያፈላ አውቅ ነበር!" ሌላ ሰው ይላክ አለች። ልጁ እምቢ። "ኖ ማም፣ አባባ ነው የሚሄደው። ጀስት... አባባ፣ ኖ ጆክስ። ፕሊስ።"

አብረውኝ ከሚሄዱት ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከጓደኞቼ ከንጋቱና ከክብሮም ጋር ተመከረ። ንጋቱ ይናገር፣ ክብሮም ይመርቅ፣ እኔ ልቁም። እንደ አበባ ማስቀመጫ። እሺ አልኩ። ጭራሽ እስከ ሰርጉ ድረስ እንዳልቀልድ ለሸዋረጋ ቃል ገባሁ። ምን ነካኝ?

ንጋቱ ለቀጠሮ ደወለ። ተክለጻድቅ፣ "ቅዳሜ ከመኪናዬ ጋር ነኝ። የአሮጌ መኪናና የአሮጌ አውሮፕላን ፌስቲቫል አለ። የፈለገኝ እዚያው ይምጣ" ብሎ ዘጋው። ሊያዋርደን ነው? ወይስ የእውነት ቢዚ ሆኖ?

"አሮጌ ከተባለ እኛንም ይመለከታል" አለ ንጋቱ። እሱ ሲቀልድ ማንም አይቆጣውም!

ሐምሌ 18፣ አርብ

ሱፌ ተተኮሰ። ምላሴን የሚተኩስልኝ ግን አልተገኘም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ገብርኤል ነው። ቅዳሴ አስቀድሰን በክብሮም መኪና ተነሳን። ከሳን ሆዜ ወዲያ ያለች ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ... አንዱን ማኮብኮቢያ ለመኪና፣ አንዱን ለአውሮፕላን ሰጥተውታል። ፀሐይዋስ! ሦስት ሽማግሌ ከነሱፉ፣ ከነነጠላው፣ ከነከዘራው። ለካ እዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ የአያቶቹን ዘመን ልብስ ለብሶ ነው። እኛም ለበዓሉ የለበስን መሰላቸው። አንዲት ባለ ላባ ባርኔጣ ፈረንጅ ለፎቶ አቆመችን። ከየትኛው ዘመን ናችሁ ብላ ጠየቀች።

"ፍሮም ኦክላንድ" አላት ንጋቱ።

እኔ የመጀመሪያውን ቀልድ ዋጥኩ። ያንቃል።

ተክለጻድቅን አገኘነው፤ ማለትም እግሩን። ሌላው አካሉ ሴይቼንቶዋ ስር ነው። ወንጌላዊት እጇ ግራሶ በግራሶ፣ ስታየን ከጎማ ክምር ኋላ ተሰወረች። ጎበዝ፤ ልጅ ሲለመን ልጅቷ እንደማትቆም ታውቃለች።

"ወንበር አለ፣ ቁጭ በሉ" አለ እግሩ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ንጋቱ፣ እንደ ወጉ። ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። "እንግዲህ እግዚአብሔር ሲፈቅድ..." ክንፏ ድርብ የሆነ አውሮፕላን አናታችን ላይ አጓራች። ቆይቶ ደገመ። "እንግዲህ..." የጎረቤት መኪና ሞተር ተነሳ፣ አልጠፋ አለ። በሦስተኛው የንጋቱ ድምፅ ራሱ ጠፋ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ጉሮሮ ነው፣ ምን ያድርግ?

ክብሮም በክርኑ ጎሰመኝ። አንተ ተናገር።

እኔ?

ከዘራዬን ተደግፌ ተንበረከክሁ። አንገቴን አዘንብዬ መኪናዋ ስር አየሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። "ደጅዎን የጠናነው" የሚለው ንግግር ሁሉ ከአናቴ በረረ።

"ተክለጻድቅ፣ በዚህች ዓይነት መኪና አዲስ አበባ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ ሠርቻለሁ። ሸዋረጋን ያስተማረችልኝ እሷ ናት። ያን ቀን ፎቶዋን ስታሳየኝ ሆዴ ባባ። ሰው ፊት ላልቅስ? ቀለድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጁ የለበትም።"

"ምን?" አለኝ።

አልሰማም! ያን ሁሉ እንደገና፣ በጩኸት። ግራና ቀኝ ያለ ፈረንጅ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ደግነቱ አማርኛ አይችሉም።

ተንፏቆ ወጣ። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ...

"አሥራ አንድ ዓመት?"

"አሥራ አንድ።"

"ሦስተኛ ማርሽ ታስቸግር ነበር?"

"ሁለተኛ እንጂ። ሁለተኛ ካልለመንካት አትገባም።"

"ዛሬም ያው ናት" አለ። ሊፈትነኝ ኖሯል፤ አለፍኩ።

በዚህ መሀል አሮጌ መኪኖቹ ለትርዒት ዙር ተጠሩ። ውድድሩ ኋላ ነው፣ በዚህኛው ሰው መጫን ይቻላል። የጎኑን በር ከፈተልኝ።

"ይግቡ፣ ጋሽ አባተ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አልቀመጥም።"

"እየነዳሁ እሰማለሁ።"

ሄልሜት አጠለቁልኝ። ሁለት ዙር ዞርን። ያላለፈን የለም። ያቺ ባለ ላባዋ እንኳ በረጅም ጥቁር መኪና እጇን እያውለበለበች አለፈችን። ምላሴን ነከስኩ። ከሁለተኛ ማርሽ ጋር ሲታገል ግራ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ረገጠ... በእኔ በኩል ምን ክላች አለና? አየኝ። የሳቀ መሰለኝ፤ ሄልሜት ውስጥ ማን ያውቃል።

መዞሪያው ላይ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ልጄን ጠይቄያታለሁ፣ ትወደዋለች። እኔ የጠበቅኩት እርስዎን ነው" አለ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ?"

"እርስዎስ?"



ስንመለስ ንጋቱና ክብሮም በላብ ተጠምቀው እንደቆሙ ናቸው። ተክለጻድቅ ወንበሮቹን ራሱ ዘረጋላቸው። "ተቀመጡ፣ አባቶቼ። ልጄን ሰጥቻለሁ።" ከጎማው ክምር ኋላ እልልታ ተሰማ። ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ሚክያስ ሦስቴ ደወለ፤ ሦስቴም የነገረኝ ያንኑ ምስጋና ነው። ሦስቴም ሰማሁት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጾሙ ተፈታ። ቅዳሜ ቅዳሜ በባርት ባቡር ሳን ሆዜ እወርዳለሁ፣ ተክሌ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ጋራዡ ይወስደኛል። ሥራዬ መብራት መያዝና መፍቻ ማቀበል ነው። ዛሬ ሴይቼንቶዋን አዲስ ቀለም ቀብቷት ጠበቀኝ። አየኋት። መብራቴን ያዝኩ። ሰዓቱ ሄደ።

ሰባት ሰዓት ላይ መፍቻውን አስቀመጠ።

"ጋሽ አባተ፣ አመመዎት እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምነው? ከጠዋት ጀምሮ ስለ ቀለሟ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ስጠብቅ..."

"ለሸዋረጋ ቃል ገብቼ ነው።"

"ሸዋረጋ እዚህ የለችም።"

"ልበል?"

"ይበሉ እንጂ!"

ቃሌ እዚያች ላይ አለቀ። "የጨጓራ መድኃኒት ትመስላለች" አልኩት፣ "ያ ሮዙ፣ ተበጥብጦ የሚጠጣው።"

ተደግፎባት ሳቀ፤ ሸሚዙ ሮዝ ሆነ፣ ለካ ቀለሙ አልደረቀም። "በደንብ ይልመዷት" አለኝ እንባውን እየጠረገ። "ሙሽሮቹ አዳራሽ የሚገቡት በሷ ነው።"

ሚክያስ እኮ ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። በሜትር ለካናት። ወንጌላዊት ከነቬሎዋ ስትገባ፣ የሱ አንድ እግር የግድ በመስኮት ይወጣል።

"ለልጁ ከወዲሁ እንንገረው?" አለ ተክሌ።

ለምን ብለን!