የቮልጎግራድ ወፍጮና ያንቺ ግድግዳ

ባንቺአየሁ፣ የቤቴ ሰው፤

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ፈረሴን ራሴ እጭናለሁ፤ እንጨት እፈልጣለሁ፤ የዘንገናን ዳገት እያረፍሁም ቢሆን እወጣዋለሁ። ይህንንም የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት በቆጠርሁት ፊደል ራሴ ነኝ። ልጃችን አበጀ፣ እርስዎ ይናገሩ እኔ ልጻፍልዎ ብሎኝ ነበር። የገዛ ሚስቴን በሰው እጅ አላናግርም አልሁት። ፊደሉ ቢንጋደድ ቻይው፤ ባለቤቱንም ስትችይው ኖረሻል።

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። የተከልሽው ቀርከሃ ከአጥሩ አልፎ ጎረቤት ገብቷል። ባጃጅ እስከ ደጃችን ይመጣል፤ እኔ አልሳፈርበትም። ሲመሽ በሩን ልዘጋ ስል፣ ገባሽ ወይ ልል አፌ ይከፈትና መልሼ እዘጋዋለሁ። በሩንም አፌንም።

ትልቁ ወሬ የቤታችን ነው። አበጀ አሮጌውን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራልኝ ተነሣ። አልፈርድበትም፤ ጣራው ያፈሳል፣ ምሰሶውን ምስጥ ጨርሶታል። ግን በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ ከመታመምሽ በፊት በነበረው በጋ የመረግሽው አንቺ ነሽ። ጭቃውን ከጭዱ ጋር በእግርሽ ረግጠሽ፣ መጨረሻ ላይ በጣቶችሽ ሞገድ የመሰለ መስመር አወረድሽበት። እሱ አይነካም አልሁ። አበጀ ፎቶ አንሥተን እናስቀምጠዋለን አለኝ። ዱካዬን አውጥቼ ግድግዳው ሥር ተቀመጥሁ። አፍራሾቹ ሌላውን ጨርሰው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

እዚያ ተቀምጬ ቮልጎግራድ ትዝ አለችኝ። የመንግሥት እርሻው ትራክተር ነጂ ሳለሁ ለሥልጠና ባሕር ማዶ የላኩኝ፣ አንቺ አበጀን ታቅፈሽ የሸኘሽኝ ጊዜ። ከተማዋ አንድ ትልቅ ወንዝ ታክካ እንደ መቀነት ተዘርግታለች፤ ርዝመት እንጂ ስፋት የላትም። ትራም ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ብትነቂ ወንዙ አሁንም አጠገብሽ ነው። ሰው ሲናፍቀኝ ዳሩ ላይ ቆሜ፣ ማንም በማይሰማው በአገውኛ፣ ስላንቺ አወራው ነበር። ያ ወንዝ ካንቺ እናት ይልቅ ያውቅሻል።

ከተማዋ በዓለም ጦርነት ጊዜ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልቀረላትም ነበር። የሠለጠንሁበት የትራክተር ፋብሪካ ሠራተኞች ታንክ እየጠገኑ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተዋግተዋል። ኋላ ሁሉን እንደገና ሠሩት። ሰዎቹ እንደኔ ግትሮች ናቸው፤ አይስቁልሽም፣ ግን ዳቦ ሳይቆርሱልሽ አይበሉም። አንድ ወፍጮ ቤት ብቻ ሳይጠግኑ ተዉ፤ ቀይ ጡብ፣ ጣራ የሌለው፣ ጥይት እንደ ወንፊት የበሳው። ያሠለጠነን ሽማግሌ እሑድ ቀን ወስዶ አሳየን። እኔ እየሳቅሁ በአስተርጓሚ፣ ጡብ አልቆባችሁ ነው ወይ አልሁት። እጄን ይዞ ጣቴን ከጥይቱ ቀዳዳ ከተተው። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ስመለስ ያመጣሁልሽ ሻርፕ ትዝ ይልሻል? ከሻርፑ ጋር፣ ሰይፍ መዝዛ የቆመች የአንዲት ሴት ፎቶ ነበረ። ሐውልት መሆኗን እስካስረዳሽ ስንት ቀን አኮረፍሽኝ! እናት አገር ትጣራለች ነው የሚሏት ብልሽ፣ “እሷ ትጣራ፤ አንተ አትሂድ” ብለሽ ራስሽ ግድግዳው ላይ ለጠፍሻት። እኔ አልሄድሁም ባንቺአየሁ። የሄድሽው አንቺ ነሽ።

አበጀ ጎረቤታችንን አያ ፈንታን ለሽምግልና አመጣብኝ። የወፍጮውን ነገር ነገርኋቸው። አያ ፈንታ፣ እነሱ እኮ ለጦርነቱ መታሰቢያ ነው የተዉት፤ እዚህ ቤት ምን ጦርነት ነበረ አለኝ። ከባንቺአየሁ ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር ጦርነት አልነበረም ያለህ ማነው አልሁት። አያ ፈንታ እስኪያለቅስ ሳቀ። አበጀ ግን አልሳቀም። እጁን ያዝሁና ጣቶቹን ያንቺ ጣት ባለፈበት መስመር ላይ አስቀመጥኋቸው። ወርደው ወርደው ከታች ሲደርሱ ፊቱን አዞረብኝ። በማግሥቱ ሳላዝዘው ቀርከሃ ቆርጦ ለግድግዳው ለብቻው ክዳን ሠራለት።

አሁን ብሎኬቱ ቤት ቆሟል፤ ያንቺም ግድግዳ አጠገቡ ቆሟል። መንገደኛ የከብት መጠለያ ነው ወይ ይላል።

ዕዳዬን ልንገርሽ፤ ለልጅ አላወርሰውም፣ ራሴ እከፍለዋለሁ። አያ ፈንታ በለቅሶሽ ሰሞን ማሳዬን አርሶልኛል፤ ዘንድሮ ገብሱን አጭድለታለሁ። አፍራሾቹን ያለ ጥፋታቸው ተቆጥቻቸዋለሁ፤ ጠርቼ አበላቸዋለሁ። ለዚያ ለፋብሪካው ሽማግሌ የሳቄን ካሣ አልከፈልሁትም፤ ዛሬ በሕይወት አይኖርምና በጸሎቴ አነሣዋለሁ። ላንቺ ደግሞ ዝናቡ ሳይገባ በየዓመቱ ጭቃ ረግጬ ግድግዳውን እመርገዋለሁ። ከሥሩ ብቻ። ጣትሽ ያለፈበትን አልነካም።