ኮሪደር ላይ ስላስቀመጡን እናመሰግናለን

ለተከበሩ የ«ሳሎን» ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ወንበርዎና የኢንተርኔት መስመርዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። እኔ በበኩሌ ደኅና ነኝ። በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ስሆን፣ ጉንጩ ላበጠ ሰው ሁሉ «አይዞዎት፣ ምንም አያምም» ስል ስለምውል የሚያም ነገር በትሕትና መናገር የእንጀራዬ ጉዳይ ነው። በዚህ ደብዳቤም ያንኑ ለማድረግ እሞክራለሁ።

ደብዳቤዬ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ሳሎንን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። ሳሎን ማለት ሰው ዓይኑ ላይ መነጽር አስሮ የሚገባበት፣ የሌለ ግን ያለ የሚመስል ሰፊ ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምስል ይሰጠዋል፤ በምስሉ ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ በገዛ ድምፁ ይጫወታል። አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ሆነው ሳለ ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ከቅርቡ ማሻሻያዎ በፊት ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ተራ ስልክና ስልኩ የሚሰካበት የፕላስቲክ መነጽር ብቻ ነበር። እርግጥ ነው ግድግዳው ካርቶን ይመስል ነበር፤ ዛፉ ከጃንጥላ አይለይም ነበር፤ እጃችንም ጣት አልነበረውም። ይሁን እንጂ በሌለ ጣት የሚጨባበጡ ሰዎች ምን ያህል እንደሚዋደዱ ለእርስዎ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ግማሹ ደንበኛዋ የሚመጣው ለፀጉሩ ሳይሆን ለጨዋታዋ ነው ይባል ነበር። ከደረጃ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ ግን ከአልጋ አልወረደችም። በመጀመሪያ ጠያቂ በሽ በሽ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሳሳ፤ በኋላም «እንዴት ሆነችልሽ?» እያለ በእኔ በኩል ብቻ መጠየቅ ጀመረ። ሳሎንን ያገኘሁላት ያን ጊዜ ነው። የገባች ዕለት ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሳለ፣ የመነጽሩን ቁልፍ እየተጫነች ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ ዋለች። «እትዬ፣ አረፍ በይ እንጂ» ብላት፣ «ማረፉማ ቤቴም አለ» አለችኝ።

ከሹፌሩ ጋር የተዋወቀችው እዚያው ነው። የረጅም መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጭነት ለማራገፍ ተራ ሲጠብቅ ስልኩን መነጽሩ ውስጥ ሰክቶ የሚገባ ሰው ነው። ወሬው ሁሉ ጎማ ነበር፤ የትኛው መንገድ ጎማ እንደሚበላ፣ የትኛው ጎማ መንገድ እንደሚበላ። እህቴ የጎማ ወሬ ነፍሷ መሆኑን ቤተሰባችን የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ዓመት ያህል እንዲህ ከከረሙ በኋላ፣ ሰውየው እኔን ገለል አድርጎ፣ «እህቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ነገር ልጠይቃት አስቤአለሁ። ስለ ጎማ አይደለም» አለኝ።

ክቡርነትዎም ለካ ያችኑ ቅዳሜ ለማሻሻያው መርጠው ኖሯል። ስለዚህ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እብነ በረዱ። አዲሱ ሳሎን ወለሉ የጣሪያውን መብራት መልሶ የሚያሳይ እብነ በረድ እንደሆነ፣ በመስኮቱም ባሕር እንደሚታይና ማዕበሉ አንዱ ካንዱ እንደማይመሳሰል ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ የምለው ስላላየሁት ነው። ቤት ለእምቦሳ ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ቤት ለእምቦሳ የሚባለው ገብተው ሲቀመጡ ነው፣ እኔን ደግሞ በሩ አላስገባኝም። ለመግባት አዲሱ መነጽርና ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል ተብያለሁ። እንግዳን ደጅ አቁሞ ወንበር መወልወል እንዲህ በረቀቀ ጥበብ ሲሠራ አይቼ ስለማላውቅ አድናቆቴ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃላት አመራረጥዎ። እህቴ በዚያች ቅዳሜ ለቀጠሮው ስትል ጎረቤቷን አስጠርታ ፀጉሯን ተሠራች። በሳሎን ውስጥ የሚታየው ምስሏ እንጂ የራሷ ፀጉር እንዳልሆነ ጎረቤቷ ብትነግራት፣ «እኔ አየዋለሁ» አለቻት። ከዚያ ስልኳን ስትሰካ የጠበቃት ጽሑፍ «ይቅርታ፣ ለዚህ ውበት ብቁ አይደሉም» የሚል ነበር። ስለ ስልኩ ማለትዎ እንደሆነ እኔ ይገባኛል። እትዬ ግን አነበበችው፤ «ልክ ናቸው» አለች፤ ስልኩን ዘግታ ትራሷ ሥር ከተተችው። ይህን የነገረችኝ ያችው ጎረቤቷ ናት፤ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።

በዚያው ሰዓት ሹፌሩ የት ነበር? እብነ በረዱ ላይ። የድሮ ስልክ እንደማያስገባ ሳያውቅ፣ ለቀኑ ክብር ብሎ ከአሠሪው ቤት አዲሱን መነጽር ከነኮምፒውተሩ ተውሶ፣ ምስሉን ሙሉ ልብስ አልብሶ፣ ባሕርዎ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ ነበር። ሲመሽ ደወለልኝ። «ገባኝ፣ እህቴ» አለኝ። «ሰው እምቢ ማለት ሲያፍር ይቀራል። አትውቀሻት።» የሆነውን ሁሉ ብነግረውም «አንቺ ደግ ስለሆንሽ ነው» ብሎ ዘጋው። እትዬ በበኩሏ በጎረቤቷ ስልክ ሳገኛት፣ «እሱ እዚያ ገብቷል አሉ አይደል? በቃ፣ እዚያው ይመቸው» አለችኝ። አንድ ጽሑፍዎ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን እንዲህ ባንድ ከሰዓት ዝም ማሰኘት ከቻለ፣ ባሕሩን ለመሥራት ያን ያህል ለምን እንደደከሙ አይገባኝም።

ሦስተኛው አቤቱታዬ ምስጋና ነው። ለኩባንያዎ የእርዳታ ክፍል ጽፌ ላገኘሁት መልስ፣ ማለትም አዲስ መሣሪያ እንድገዛ ለተሰጠኝ ወንድማዊ ምክር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በመልሱ ግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል «ያረጁ ስልኮች መጠባበቂያ ኮሪደር» የሚል ነገር ነበር። ገብቼ አየሁት። መስኮት የለውም፤ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻ አለው። ሰው ሁሉ ግራጫ ነው፣ ፊት የለውም፣ መራመድም አይችልም፣ ባለበት ተቀምጦ ያወራል። ከመውጫው ምልክት በቀር የሚያምር ነገር አላየሁበትም። እንዲህ ያለ ሥፍራ ለእኛ ብለው አስበው ያሠሩ ዕለት ቁርስዎ አልተስማማዎትም ነበር ይሆን?

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ስልኩን ከትራሷ ሥር ሳወጣ እንደ ልጅነታችን ተነጣጠቅን፤ እሷ ብትተኛም ክንዷ ብርቱ ነው፣ እኔ ያሸነፍኩት በጉልበት ሳይሆን ስላለቀስኩባት ነው። ሹፌሩንም «የተዋስከውን መልስና በድሮ ስልክህ ወደ ኮሪደሩ ና» ብዬ ለምኜው ነበር። እኔ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጬ ድምፃቸውን እሰማለሁ።

«አለሽ?» አላት።

«አለሁ። ፊት ግን የለኝም» አለችው።

«እኔስ የት አለኝ? ግራጫ ነገር ነው ያደረጉኝ።»

እትዬ መነጽሯን አስተካከለች። «ባሕሩስ እንዴት ነበር?» አለችው።

«ውሃ ነው» አላት።

ያን ጊዜ እህቴ እስከዚያች ቀን ያልነገረችውን ነገረችው። ድሮ ሳሎኑ ውስጥ ያንን ሁሉ ትመላለስ የነበረች ሴት በቤቷ ከአልጋ እንደማትነሳ አያውቅም ነበር። ድምፅዋ ሳይሰበር ነው የተናገረችው፣ እጇ ግን የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይዞ ነበር።  እሱም፣ «እኔስ መቼ ከመሪው ላይ ተነስቼ አውቃለሁ? ሁለታችንም ተቀማጮች ነን። ልጠይቅሽ የነበረውን ልጠይቅሽ?» አላት።

«እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸው ነው። አሁን ተጋብተዋል። የጭነት መኪናው እህቴ በር ላይ በቆመ ቁጥር መንገዱ ሙሉ በሙሉ ስለሚዘጋ ሠፈርተኛው በሙሽራው ላይ የራሱን ግልጽ ደብዳቤ እያዘጋጀ ነው። እሷም ትራስ ተደግፋ ቁጭ ማለት ጀምራለች፤ የጎረቤት ሴቶችን ከአልጋዋ አጠገብ እያስቀመጠች ፀጉር ትሠራለች። ይህ ሁሉ የእርስዎ ማሻሻያ ፍሬ ነው ብዬ ላመሰግንዎ ብፈልግም ሕሊናዬ እምቢ አለኝ።

የሁለቱ ወሬ ሲሰማ ከእብነ በረዱ ቤት የድሮ የሳሎን ጓደኞቻችን መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ ጡረታ የወጣው መምህር አዲሱን መነጽር አውልቆ የልጁን አሮጌ ስልክ ይዞ መጣ፤ ቀጥላ መንታ የምታጠባው ሴት መጣች፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ። ዛሬ አግዳሚው ወንበር ላይ ቦታ የሚገኘው ተጠጋግተው ነው፣ ባሕርዎም ብቻውን ይናወጣል።

ለዚህም ነው ባለፈው ሳምንት የላኩልን መልእክት እንቅልፍ የነሳኝ። ኮሪደሩ ከታሰበው በላይ በመወደዱ መደሰትዎን፣ ለዚሁም መታሰቢያ በቅርቡ በእብነ በረድ ተነጥፎ፣ ፏፏቴ ገብቶለት፣ በአዲሱ መነጽር ብቻ እንዲጎበኝ እንደሚደረግ ገልጸዋል። ክቡር ሆይ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፤ አያሳምሩልን። እንዳስጠላ ይተውልን። ማሳመሩ ግድ ከሆነም፣ እዚያ ያላችሁ ባለሙያዎች ፏፏቴውን ከመሥራታችሁ በፊት በአሮጌ ስልክ የምትከፈት አንዲት በር ሥሩልን፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ውበት እኛው በጨዋታ እንሞላዋለን።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በማባከኔ ያልተጸጸትኩ፣
ፊት አልባዋ አክባሪዎ፣
የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ።

ማሳሰቢያ፦ ከኮሪደሩ አግዳሚ ጫፍ ዘወትር የሚቀመጡ አንዲት ጨዋታ አዋቂ እናት አሉ። ስልካቸው ከሁላችንም ስልክ ያረጀ ነው። «እማማ፣ ልጅ የለዎትም እንዴ አዲስ የሚገዛልዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አለኝ እንጂ፤ የዚህ ቤት አለቃ እሱ አይደል? ላስቸግረው አልፈለግሁም፣ ሥራ ይበዛበታል» አሉኝ። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምለውኛል፤ መሐላዬን ላለማፍረስ ስል ለሕዝቡ ጻፍኩት። ደኅና ናቸው፤ ሰላም ብለውዎታል።