ሙቀት በሮቶ

ውድ መሓሪ፣

ሰላምታው ይቆይና ይቅርታውን ላስቀድም፦ ተሳስቼ ነበር። ይቺን ቃል ከእኔ አፍ ሰምተህ አታውቅምና ደግመህ አንብባት።

የእማዬን ቤት ማሞቂያ ስናቅድ የተጣላንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ቁርጥማቱ ከአልጋ መውረድ ከልክሏት፣ ወንድሜ ሚናስ «ይሄ የድንጋይ ቤት ሊገድላት ነው፤ አዳማ እወስዳታለሁ» ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ ከፒያሳ መውጣትን ከሞት አትለየውም። አንተ «በመብራት የፈላው ውሃ በቧንቧ ወደ ክፍሎቹ ከመሄዱ በፊት ምድር ቤት ትልቅ ታንከር ውስጥ ይጠራቀም» አልክ። እኔስ ምን አልኩህ? «ሙቀትም በሮቶ ሊጠራቀም? ሂድ ወዲያ፣ ሰው እንዳይሰማህ!»

አልሳቅክም። «ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አይደል ሮቶ የገዛሽው? መብራቱስ በምን ተሻለ?» ብለህ ሜትርህን ይዘህ ወጣህ። መቀሌ መግባትህን ከሰው ሰማሁ።

እልኸኛ ነኝና ያለ ታንከር ሠራሁት። ሐምሌ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ሙቅ ውሃው የሚዞርባቸው የግድግዳ ብረቶች በሩብ ሰዓት እንደ ሬሳ ይቀዘቅዙ ነበር። ሚናስ ሻንጣዋን አዘጋጀ። ያኔ ነው ኩራቴን ውጬ ጥለኸው የሄድከውን ንድፍ ያወጣሁት። የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድዩ በያጅ አብዱልሃኪም ታንከሩን ሠራልኝ፤ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው፤ ቧንቧውንም ንድፍህ እንደሚለው በወፍራም ቀየርኩት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ሄደ። ውሃውን ወደ ክፍሎቹ የሚገፋው ፓምፕ ቆመ። አብዱልሃኪም «በይ እንግዲህ» አለኝ። የእማዬን ክፍል ብረት ነካሁት፤ ይሞቃል። ከሁለት ሰዓት በኋላም ነካሁት፤ ይሞቃል! የሚገፋው የለም እኮ፣ መሓሪ! የሞቀው ውሃ በገዛ ፈቃዱ ከምድር ቤት ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። አሥራ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስገጥም ውሃ እንዲህ አስገርሞኝ አያውቅም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የፈጣሪ ሥራ ይገርማል፤ የአንተም ጭንቅላት።

እማዬ ግድግዳ ይዛ እስከ ሳሎን መጣች።

«መብራት መጣ እንዴ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ማን ነው ያሞቀን?»

«መሓሪ» አልኳት።

ወደ ሚናስ ዞራ «በል ሻንጣዬን ቦታው መልስ» አለችው።

ቸርችል ጎዳና ላይ ሌላ ቤት አሞቂልን ብለውኛል። ያለ አንተ ግን ቧንቧ አልነካም፤ ቁርጥ ነው። ና።

መብራት ዛሬም ሄዷል። ጣቶቼ ግን እስከዚህች መስመር ድረስ አልቀዘቀዙም።

ማክዳ
ከታንከርህ አጠገብ