የእናቴን ድድ ላነበቡልን የጥርስ ሐኪም

ለተከበሩ ዶክተር ራፋኤል፣
በሐዴራ ከተማ የጥርስ ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም፤

ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? እጅዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይ በተለይ ዓይንዎ ደኅና ነው ወይ? እኛ በቤት ኤሊዔዘር ሰፈር የምንገኝ ወዳጆችዎ፣ ከአንዲት እናቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እኔ የወይዘሮ ሸጊቱ የመጨረሻ ልጅ አቪሃይ ነኝ። ያስታውሱኝ ይሆናል፤ መጠበቂያ ክፍልዎ ውስጥ የተቀመጠውን ትልቅ የፕላስቲክ መንጋጋ እያንቀጫቀጭኩ ሕፃናቱን «ተረኛው ማን ነው?» ስላቸው በጸሐፊዎ በኒሊ ትእዛዝ ወደ ውጭ የተሸኘሁት ነኝ። እኔና ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ላይ በሰላም ስለተለያየን፣ ስሕተት ቢያገኙብኝ ይለፉኝ። እርስዎ አማርኛ እንደማያነቡም አላጣሁትም። ሆኖም የእናቴን ድድ በማያውቁት አገር ጽሕፈት ተጽፎ ሳለ በአንድ እይታ አንብበው የጨረሱ ሰው፣ ይህቺ ደብዳቤ ታቅትዎታለች ብዬ አልሠጋም። ካቃተችዎም በርዎ ላይ ስለምለጥፋት፣ ተራ የሚጠብቁት የሰፈራችን ሰዎች በደስታ ያነቡልዎታል።

አንደኛ፤ እናቴ ወደ እርስዎ የመጣችው ቆሎ ስትቆረጥም ለተሸረፈች አንዲት መንጋጋ ነበር። እርስዎ ግን ለጥቃቅን ነገር የሚሆኑ ሰው አይደሉምና፣ ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ጥቁር ድዷን ሲያዩ መንጋጋዋን ረሷት። «ይህ ከድሮው የብር ስቲማ የመጣ ነው» ብለው ፈረዱ፤ ስቲማ እንግዲህ እኛ የጥርስ ሙሌት የምንለው ነው። «ብረቱ ወደ ሥጋው ገብቷል፤ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል» አሉ። የብር ስቲማ አጠገቡ ባለው ድድ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ሊተው ይችላል ይባላል፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን የእናቴ ስቲማዎች ከታች ከኋላ ናቸው፤ ጥቁሩ ድድ ደግሞ ከላይ ከፊት ነው። ብረቱ ምላስ ተሻግሮ እዚያ ለመድረስ የትኛውን አውቶቡስ እንደያዘ ቢነግሩኝ፣ እኔም በዚያው በሄድኩ ነበር፤ የእኛ ሰፈር አውቶቡስ ሁልጊዜ ይዘገያል።

ጎንደር ውስጥ በእናቴ ዘመን ልጃገረድ ድዷን በመርፌና በጥላሸት የምትነቀሰው ለቁንጅና፣ ጥርሷም ነጥቶ እንዲታይ መሆኑን የምናውቀው እኛ ያልተማርነው ብቻ ሳንሆን አንቀርም። እናቴ ልታስረዳዎ ሞክራ ነበር። ዕብራይስጧ ከገበያ ወዲያ ስለማይሄድ፣ ጣቷን እንደ መርፌ አሹላ ድዷን ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገች አሳየችዎ። እርስዎም «ይወጋታል» ብለው መዘገቡ። ከዚያ በኋላ ለተናገሩት ሁሉ፣ ለማይገባት ነገር ሁሉ የምትመልሰውን የዕብራይስጥ እሺታ፣ «ቤሴደር»ን መለሰችልዎ። የልጃገረድነት ጌጧን በአንድ ጠዋት ወደ ሕመም ስላሳደጉላት ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ በዚሁ ጥርጣሬ አንዱን ደኅና የብር ስቲማ ቦርቡረው አወጡት። ያ ስቲማ ቤተሰቦቼ ወደዚህ አገር የገቡ ሰሞን የተሞላ፣ ብርና ባዜቃ የተቀላቀለበት፣ መልኩ የማያምር፣ ግን ቆሎውንም አጥንቱንም እኔ ባጠፋሁ ቁጥር የምታፋጨውንም ጥርስ ችሎ የኖረ ነው። በምትኩ ነጩን ሞሉላት። ነጩን ስቲማ አልነቅፍም፤ ግድግዳዎ ላይ የሰቀሉት ማስታወቂያ እጅግ ያወድሰዋል። ታዲያ ያው ማስታወቂያ ጥርሱ ፍጹም ካልደረቀ እንደማይጣበቅ፣ በስሱ በስሱ እየተደረበ እያንዳንዱ ድርብ በሰማያዊው መብራት መጠንከር እንዳለበትም ይናገራል፤ እስክባረር ድረስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እርስዎ ግን፣ ከተባረርኩበት ደጅ በተከፈተው መስኮት እንዳየሁትና እንደሰማሁት፣ ጥጡ ምራቅ ውስጥ ሲዋኝ በስልክ ስለ መኪናዎ ጎማ እየተሳሳቁ ነበር። ስቲማውን እንደ ጉርሻ በአንድ ጊዜ ጠቀጠቁት። መብራት የያዘችው ረዳትዎም በመስኮት መንገዱን ስታይ፣ በሰማያዊው ብርሃን የጠነከረው የእናቴ ጉንጭ ሆነ። ስቲማው ሳይሰነብት ወልቆ ወጣ። የወለቀውም በዳቦ ነው፤ ያውም በለስላሳው። በአጥንት ቢሆን ኖሮ እንኳ ክብሩ በተጠበቀ ነበር።

ሦስተኛ፤ ጉድጓዱን በጊዜያዊ ስቲማ ደፍነው «ለትንሽ ቀን ነው» አሏት። ቤተሰቦቼ አዲስ መጤ ወደሚያርፍበት መርካዝ ክሊታ ሲገቡም «ለትንሽ ቀን ነው» ተብለው ስለነበር፣ የቃሉን ርዝመት እናውቀዋለን።

አራተኛው ግን ከበደኝ። በመጪው እሑድ ከድዷ ሥጋ ተቆርጦ እንዲመረመር፣ ቀሪዎቹም የብር ስቲማዎች እንዲወጡ ቀጠሮ ያዙላት። የቀጠሮውን ወረቀት ካነበብኩላት ወዲህ እናቴ ክፉ በሽታ ይዞኛል ብላ አምናለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ትውላለች። ጎረቤታችን እቴ ቦጋለች መጥታ፣ «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሙሽራ የተሸፈንሽው?» ብትላት፣ «ድዴ ታሟል፤ እንዳይጋባብሽ ራቅ በይ» አለቻት። እቴ ቦጋለችም እንደ እሷው የተነቀሰ ድዷን ገልብጣ፣ «እንግዲያ እኔ ሞቼ ተቀብሬአለሁ በይኛ!» አለች። እኔ ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

ዶክተር፣ እኔ እናቴን ከማሳቅ በቀር የረባ ሙያ የለኝም። የአጎቴን የአይቸውን አረማመድ ስሄድላት፣ ጫማዋ ውስጥ ሎሚ ደብቄ ስታገኘው፣ ከንፈሯ ወደ ላይ ይሰበሰብና ያ ጥቁር ድድ ከነነጭ ጥርሱ ብልጭ ይላል። እኔ ያደግሁት እሱን እያየሁ ነው። አሁን ያን ሁሉ ባደርግ አፏን ይዛ «ተው ልጄ» ትለኛለች።

ስለዚህ የእሑዱ መቁረጥ እንዲቀር፣ ደኅናዎቹ ስቲማዎች ባሉበት እንዲተዉ፣ በጊዜያዊ የተደፈነችው ጥርስና የተረሳችው መንጋጋም ስልክ በሌለበት፣ በደረቁ እንዲሞሉ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ከሁሉም በላይ እርስዎ ራስዎ እናቴን አስቀምጠው፣ «ወይዘሮ ሸጊቱ፣ እርስዎ አልታመሙም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ይበሉልኝ። ኒሊ ትተረጉማለች። የእሷም አያት ድዳቸው ያው ነው፤ እርስዎ ጠይቀዋት አያውቁም እንጂ።

ፈቃድዎ ካልሆነ ግን እቴ ቦጋለች፣ እቴ አለሚቱና እቴ ዓለምወርቅ እሑድ ጠዋት መጥተው ወንበሮችዎ ላይ ይደረደሩና ከንፈራቸውን ገልጠው ይጠብቁዎታል። ሁሉንም የያዛቸው አንድ ዓይነት ወረርሽኝ ስለሆነ፣ በስምዎ የሚጠራ በሽታ ማግኘትዎ አይቀርም።

ስለ ትጋትዎ፣ ስለ ሰማያዊው ብርሃንዎና ስለ መኪናዎ ጎማ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር፣ ከወንበርዎ ግን በጣም ርቄ እጅ እነሣለሁ፤

አክባሪዎ
አቪሃይ ደሳለው

ከፊርማ በኋላ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፈው ለእናቴ አነበብኩላት። «ሰውየውን ሰደብከው እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ አመሰገንኩት» አልኳት። እሷም፣ «እኔስ ያሳዘነኝ እሱ ነው። በስልኩ ሲስቅ አየሁት እኮ፤ ድዱ እንደ ተቀቀለ ዶሮ ነው። እንዳያፍር ብዬ ዝም አልኩ። ቦጋለች መርፌዋን ይዛ ሄዳ ትንቀሰው። ንቅሳት እንደሆን ይድረቅ አይል፣ መብራት አይል፣ እስኪሞት አይለቀው!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው፤ ነጠላዋም ትከሻዋ ላይ ወረደ። ስለዚህ የእሑዱን ቀጠሮ አይሰርዙት፤ ወደ እርስዎ ስም አዛውረነዋል። እቴ ቦጋለች ማደንዘዣ የሚባል ነገር አታውቅም።