ከምድር ቤት የወጡት ሸክላዎች

ማክሰኞ

ወገቤን ቆርጦኛል። የሕንፃው ቧንቧ ሊቀየር ስለሆነ፣ ምድር ቤት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫችንን፣ እዚህ ሼላሬ የሚሉትን፣ እስከ ዓርብ ባዶ አድርጉ ተብለናል። ባለቤቴ ጽጌ ታዛለች፣ እኔ እሸከማለሁ። ሻንጣ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የልጃችን የሜሮን የድሮ ስኪ። ከሁሉም ሥር የሸክላዎቼ ሣጥን! እዚህ ስዊድን በተማሪነቴ የገዛኋቸው፣ ፓንክ የሚባለው ሙዚቃ ገና ስም ሳይወጣለት መንገዱን የጠረጉለት አልበሞች።

ጌታን የተቀበልን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለውን ዓለማዊ ዘፈን ለቃቅመን ነበር። የአማርኛ ካሴቶቹን አንድም ሳናስቀር ሰባበርናቸው፤ ግጥሙ ይገባናላ። እነዚህን ግን ማን ዘፈን ብሎ ይቁጠራቸው? «ይሄማ ጩኸት ነው» አለች ጽጌ። ተረፉ።

ረቡዕ

ሜሮን ደወለች። በፋሲካ ሰሞን፣ ቸርች ቀረች ተብሎ፣ ጽጌ ሳትነግራት ሽማግሌዎች ጠርታ ጸሎት አስደረገችባት። ልጅት የጫማዋን ክር እንኳ ሳታስር ወጣች። ይኸው መጸው ገባ፣ ቤታችንን አልረገጠችም። በሁለቱ መሀል ወዲያ ወዲህ ስል ደከመኝ።

በስዊድንኛ ነው የጠየቀችኝ፤ ሸክላዎቹ አሉ ወይ? ሶደርማልም ሰፈር በምትሠራበት ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ፓንክ አባቶች የማዳመጫ ፕሮግራም አዘጋጅታለች። አሉ፣ አልኳት። ጽጌ ሣጥኑን ከሚጣለው ጋር እንደደረደረችው አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ሣጥኑን ከሚጣለው መሀል አውጥቼ ቤታችን ኮሪደር ላይ አስቀመጥኩት። የጽጌ የጸሎት ቡድን የሚመጣው ዛሬ ነው፣ ረስቼው ነበር። ጽጌ በነጠላ ሸፈነችው። «አንተ ሰው፣ ምን ይሉናል?»

ለሜሮን የቅዳሜ ፕሮግራም ነው አልኳት። ሴቶቹ ጸልየው ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ እያጠበች፣ «እኔስ አልጠራም?» አለች። አንጀቴን በላችው።

ዓርብ

እናትሽም መምጣት ትፈልጋለች ብዬ ለሜሮን ነገርኳት። ትምጣ፣ ግን ጸሎት የሚባል ነገር የለም አለች። ለጽጌ «ትምጣ» የሚለውን ብቻ አደረስኩ። እግዜር ይሁነን።

ቅዳሜ

እኔና ጽጌ ስንደርስ ካፌው ሞልቷል። ሜሮን መርፌውን ሸክላው ላይ አስቀመጠች። ያ የሚከረክር ጊታር! ከዚያ ሳታስጠነቅቀኝ፣ ለምን ገዛሃቸው ብላ ማይኩን ሰጠችኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። ስዊድንኛ ለአፌ አልገራ ብሎኝ አንገቴን ደፍቼ የምሄድ ተማሪ ነበርኩ። ይሄ ዘፋኝ ድምፅ የለውም፣ ጊታሩ በቅጡ አልተቃኘም፣ ግን አያፍርም። እሱ ካላፈረ እኔ ምን አሳፈረኝ ብዬ ያኔ ስዊድንኛ መናገር ጀመርኩ። ሜሮን ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ለካስ ነግሬያት አላውቅም።

ቀጥሎ ያለው ሸክላ ላይ ዘፋኙ ጮኸ። ጽጌ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች፣ ጮክ ብላ፣ «ምነው ይሄ ልጅ፣ የሚጸልይለት ሰው አጣ?» አለች።

አለቀልን አልኩ። ሜሮን ግን ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጽጌም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ሰዉ ሲወጣ ጽጌ ሣጥኑን ያዘች። «ሸክላዎቹ የሚቀመጡት እኔ ቤት ነው። መስማት ያማራት ትምጣ።»

«ማጫወቻ እኮ የላችሁም» አለች ሜሮን።

«ይዘሽ ነይ።»

ሣጥኑን መልሼ እስከ ሰፈራችን ስፖንጋ በባቡር ተሸከምኩ። ወገቤ አለቀ። ሣጥኑ አሁን ሳሎን ውስጥ ነው፤ ነጠላ አልለበሰም። ሜሮን ነገ ከቸርች ሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብላ፣ «ካንሼ» ጨመረችበት፣ ምናልባት ማለቷ ነው። ጽጌ ምናልባቱን የሰማች አልመሰለኝም። ሥጋ ከፍሪዘር አውጥታለች።